ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጠገነው የእጅ ፍሬን

የእጅ ፍሬን ለመጠገን ሦስት ሰው ያስፈልጋል ብዬ አምን ነበር። አንዱ መሪው ላይ ይቀመጣል፣ አንዱ በሩ ጋ፣ አንዷ ደግሞ መሐል ሆና እጀታውን ትጠብቃለች። የመሐሏ እኔ ነበርኩ። ይህን እምነቴን ማንም አላረመኝም፤ እኔም ለማንም አልተናገርኩትም፤ ሰው በየት በኩል ተነስቶ ስለ እጅ ፍሬን ያወራል? እንዲሁ ውስጤ ሳይነካ ተቀምጦ እስካለፈው ዓመት ድረስ ቆየ።

መኪናዋ በደኅናው ዘመኗ ነጭ የነበረች አሮጌ ቶዮታ ፒክአፕ ናት። አባቴ ጦና ከቦምቤ በኩል ዝንጅብልና ቦይና የምንለውን ሥራ ሥር፣ ከተበላ ከተማ ደግሞ ሙዝ እየጫነ ለሶዶ ባለሱቆች የሚያከፋፍለው በእሷ ነበር። ሞተሯ ደኅና ነው፤ የእጅ ፍሬኗ ግን ደካማ ነበር። ቤታችን ያለው ዳገት ወገብ ላይ ስለሆነ አባቴ ማታ ሲያቆማት ራሱን የቻለ ሥነ ሥርዓት ነበረው። መጀመሪያ ማርሽ ውስጥ ይከታታል፤ ወርዶ ከኋላ ጎማዋ ሥር ድንጋይ ይወትፋል፤ በመጨረሻ ተመልሶ ገብቶ ከመሪው ጎን ከክሩስኮቱ ሥር ያለውን እጀታ ወደ ራሱ ይስባል። «ይሄ እንኳ ለወጉ ነው» ይለኛል። ለወጉ ከሆነ ለምን ይስበዋል ብዬ ስጠይቀው ይስቅና ቁልፉን ያሸክመኛል። እኔ ጥያቄዬ አያልቅም ነበር፤ አሁንም አያልቅም፤ ባለቤቴን ጠይቁት።

ስምንት ዓመት ሲሆነኝ፣ ከፋሲካ በፊት፣ አባቴ ታሞ ሞተ። ስለ ሕመሙ ብዙ አላወራም። ለቅሶው ካለፈ በኋላ ታላቅ ወንድሙ ጋሼ ዳልጮ ከቦምቤ መጣ። ረጅም፣ ድምፁ ወፍራም፣ ሲቀመጥ ወንበሩን የሚያስጮኽ ሰው ነው። አብሮት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ወንድም ደገፉ ተቀምጧል። እናቴ እልፍነሽ በጥቁር ልብሷ ከፊታቸው ነበረች። የተነጋገሩት በወላይትኛ ነው፤ እኔ ነኝ ዛሬ በአማርኛ የምጽፈው። ሻይ ይዤ ስገባ ዝም ይላሉ፣ ስወጣ ይቀጥላሉ፤ ስለዚህ የሰማሁት ሁሉ ግማሽ ግማሹን ነው።

ጋሼ ዳልጮ መኪና ቆሞ ይበሰብሳል ሲል ሰማሁ። በዚህ ቤት የሚያንቀሳቅሳት ሰው ከሌለ እሱ ወስዶ እንደሚያሠራት፣ እኛም ቦምቤ ሄደን እሱ ግቢ ብንኖር እንደሚሻል፣ የወንድሙን ልጅ ሜዳ ላይ እንደማይጥል ተናገረ። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን ዛሬ በደንብ አውቃለሁ፤ ያን ቀን ግን ከእሱ የከፋ ሰው በምድር ላይ አልነበረም። ቦምቤ ማለት ትምህርት ቤቴን ትቼ፣ ጓደኞቼን ትቼ፣ እናቴ የራሷን ሥራ ጥላ የሰው ምድጃ ዳር መቀመጥ ማለት ነው። እናቴ ቀና ብላ «እስከ ጊፋታ ይታገሡኝ» አለችው። ጊፋታ የእኛ የወላይታዎች አዲስ ዓመት ነው፤ ከመስቀል ጋር ይመጣል። ጋሼ ዳልጮም እስከዚያ ታገሠ።

ሲሄዱ እናቴን ያዝኳት። መኪናዋ እኛ ጋ እንድትቀር ምን ይደረግ? እናቴ ትንሽ አሰበችና የእጅ ፍሬኗ ከተሠራ ትቀራለች፣ ካልተሠራ ትሄዳለች፣ እኛም እንሄዳለን አለችኝ። ዛሬ ስጠይቃት ምን ብላ እንደመለሰችልኝ ልንገራችሁ፦ «ቀን ለአንቺ የተነገረ ነገር ሲመሽ ጸሎት ቤት ይደርስ ነበር። ስለዚህ ቢወራ የማይጎዳውን ነገርኩሽ።» እኔ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ የቤተሰባችን ዕጣ በአንዲት የእጅ ፍሬን ላይ ተንጠለጠለ ብዬ ተቀመጥኩ። እንቅልፌም ቀነሰ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ላይ ጋሽ ሶርሳ መጣ። የአባቴ የልብ ጓደኛ ነው፤ ከመናኸሪያው ጀርባ ትንሽ ጋራዥ አለችው። የኋላዋን በክሪክ አነሳ፣ ጎማውን ፈታ፣ ታምቡሩን በመዶሻ ቀስ ቀስ እያለ መትቶ አወጣው። እኔ አጠገቡ ቁጢጥ አልኩ። የፍሬኑን ሸራ አሳየኝ፤ ተረከዙ እንዳለቀ ጫማ ሳስቷል። ካቦው ደግሞ በጊዜ ብዛት ረዝሟል፤ ስለዚህ እጀታው ሲሳብ ጉልበቱ ጎማው ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ያልቃል። አዲስ ሸራ አለበሰ፤ ካቦውን ከሥር ገብቶ አጠበቀ። ሌላውንም ጎማ እንዲሁ። ከዚያ እጀታውን እንድስብ አዘዘኝና ድንጋዩን አንስቶ በትከሻው መኪናዋን ገፋት። ንቅንቅ አላለችም።

«ተሠራች?» አልኩት።

ጋሽ ሶርሳ እናቴን አያት። እናቴ መሬት መሬት አየች። «ገና ናት» አለኝ እጁን እየጠረገ። «የእጅ ፍሬን በአንድ ቀን አይድንም። ቅዳሜ ቅዳሜ ዳገት እየወጣች መፈተሽ አለባት።»

እኔም አመንኩት። ሐኪም መድኃኒት ጨርሱ ሲል አይታመንም እንዴ?

ከዚያ በኋላ ክረምቱን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤት እንወጣ ነበር። ጋሽ ሶርሳ እስከ ከተማው ዳር ይነዳል፤ ሰው የማይበዛበት ሜዳ ስንደርስ ይወርድና ከእናቴ ጋር ቦታ ይለዋወጣል። ለምን ብዬ ስጠይቅ፣ እሱ በዚያኛው በር በኩል ሆኖ ድምፁን ማዳመጥ ስላለበት ነው አለኝ። እኔ መሐል ነኝ፤ የማርሹ ዘንግ ጉልበቶቼ መካከል ቆሟል። ጋሽ ሶርሳ ሥራዬን በጣም ቁም ነገር አስመስሎ ነገረኝ፤ እጀታው በራሱ ወደ ውስጥ ከገባ እጮኻለሁ፤ ካልገባ ዝም እላለሁ። ዓይኔን ሳልነቅል እጠብቃለሁ። እናቴም ብትሆን እኔ ሳልገባ መኪናዋን አታስነሳም ነበር። አንድ ቅዳሜ አተኩሶኝ ስቀር ፍተሻው ራሱ ቀረ፤ ይህም ኩራቴን ሰማይ አደረሰው።

ጥገናው ግን ጥገና አይመስልም ነበር። መኪናዋ ትዘልላለች፣ ትንፈራገጣለች፣ ትጠፋለች። ጋሽ ሶርሳ ክሩስኮቱን በመዳፉ እየመታ ፍሪሲዮን፣ ነዳጅ፣ ባላንስ፣ ቀስ፣ አሁን፣ አይደለም፣ እንደገና ይላል። እናቴ ላቧ በጆሮ ግንዷ ይወርዳል። ከዚያ ዳገት ላይ ያቆመናል፤ መኪናዋ ትንሽ ወደ ኋላ ስትንሸራተት ሁለቱም እኩል ትንፋሻቸውን ይውጣሉ። እኔ እጀታውን አያለሁ፤ ቦታው ላይ የለም፣ እናቴ መልሳዋለች። እና መልሳው ስታበቃ ለምን ይይዛል ብለው ይጠብቃሉ? ጋሽ ሶርሳ ጎበዝ መካኒክ አለመሆኑ ገባኝ። አባቴ ይህን ሰውዬ ምን ብሎ ጓደኛ እንዳደረገው ይገርመኝ ነበር።

አንድ ቀን መኪናዋ ደጋግማ ስትጠፋባት እናቴ ግንባሯን መሪው ላይ ደፍታ አልችልም አለች። ጋሽ ሶርሳ ወደ መስኮቱ ዞረ። ሜዳው ላይ ከብት የሚያይ መሰለ። በኋላ ዝግ ብሎ «ጦናም እንዲሁ ነበር» አላት። «ያውም ከአንቺ ይብስ ነበር። እዚሁ ቦታ ላይ ነው የተጨቃጨቅነው።» እናቴ ቀና አለችና መኪናዋን እንደገና አስነሳች። እኔ ከዚህ የተረዳሁት አባቴም በዘመኑ ፍሬኑን ለማስጠገን ሞክሮ እንዳቃተው ነው። አዘንኩለት።

ባለፈው ዓመት ነው እንግዲህ። እዚሁ ሶዶ መንጃ ፈቃድ ላወጣ ስሠለጥን አሠልጣኙ ዳገት ላይ አስቆመኝና «ፍሪሲዮኑን ቀስ እያልሽ ልቀቂ፤ መኪናው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ባላንሱን ያዢ፤ አሁን እጅ ፍሬኑን መልሺ» አለኝ። ቃላቱን አወቅኋቸው። በተራቸው፣ በትንፋሻቸው፣ ክሩስኮቱን ከሚመታው መዳፍ ጋር አወቅኋቸው። ሞተሩን አጠፋሁና እስክንፈራፈር ሳቅሁ። አሠልጣኙ የደነገጥኩ መስሎት ውኃ አቀበለኝ።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። ፍሬኑ የተሠራው በመጀመሪያው ቅዳሜ መሆኑን አረጋገጠችልኝ፤ ሌላው ሁሉ የመንዳት ትምህርት ነው። ታዲያ እኔ መሐል ምን እሠራ ነበር ስላት፣ ይህን ያህል ዘመን ያልገባኝ መሆኑ አስገረማት። ባሏ በሞተ በወራት ውስጥ፣ ጥቁር የለበሰች ሴት ከሰው ወንድ ጋር አንድ ጋቢና ውስጥ ከከተማ ስትወጣ የሚያይ ሰው ምን ይላል? ልጅ መሐላቸው ከተቀመጠች ግን ምንም አይልም። እኔ እጀታ እጠብቃለሁ ስል የእናቴን ስም ስጠብቅ ከርሜ ኖሯል። ደሞዝ ሊከፈለኝ ይገባ ነበር።

ወደ ያኔው ልመለስ። ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ጭንቀቴ ባሰ። ቅዳሜው ይሄዳል፣ ፍሬኑ «ገና» ነው። በሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪያችን እህት ሚርያም የጸሎት ርዕስ ያላችሁ ብላ ስትጠይቅ፣ አንዱ ለታመመች አያቱ፣ አንዷ ለወንድሟ ፈተና አስያዙ። እኔ እጄን አወጣሁና ለእጅ ፍሬናችን አልኩ። እስከ ጊፋታ ካልዳነ ቦምቤ እንደምንሄድም ጨመርኩ። ልጆቹ ሳቁ፤ እህት ሚርያም ግን አልሳቀችም። ዓይናችንን አስጨፍና ስለ እጅ ፍሬኑ አስጸለየችን። ይባስ ብላ ርዕሱን ለትልልቆቹ አሳለፈችው። በሚቀጥለው እሑድ ወንድም ደገፉ በጉባኤው ፊት ለታመሙት፣ መንገድ ለሄዱት፣ ለዝናቡ ከጸለየ በኋላ፣ ጌታ ሆይ የእህታችንን የእልፍነሽን የእጅ ፍሬን አስብ አለ። ጉባኤው በሙሉ አሜን አለ። እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ልቧ ተነክቶ ታለቅሳለች ብዬ እጇን ያዝኩላት። እየሳቀች እንደነበር የነገረችኝ አሁን ነው፤ ወዲያው ደግሞ ነገሩ ቦምቤ እንደሚደርስ ታስቧት ሳቋ እንደቆመ።

ደረሰም። ጊፋታ ሊገባ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ ከፍተሻ ተመልሰን ጋሽ ሶርሳ ግቢያችን ውስጥ በሳሙና እጁን ሲታጠብ፣ ጋሼ ዳልጮ ከወንድም ደገፉ ጋር በሩን ከፍቶ ገባ። ሰላምታውን አሳጠረ። አገር ሁሉ የሚጸልይለትን ፍሬን እስቲ ልየው ብሎ ቀጥታ ወደ መኪናዋ ሄደ። እጀታውን ሳበ፤ ማርሹን ነጻ አደረገ፤ ከፊት ዞሮ በዚያ ትልቅ ትከሻው ወደ ቁልቁለቱ ገፋት። አልተንቀሳቀሰችም። ወንድም ደገፉን ጠርቶ ሁለት ሆነው ገፏት። አሁንም እንደዚያው።

እኔ ሃሌ ሉያ ብዬ ጮህኩ። ጸሎታችን ተሰማ፣ ቀረን፣ ቦምቤ አንሄድም! ማንም አልተቀበለኝም።

ጋሼ ዳልጮ እጁን አራገፈ። «ይቺ ፍሬን ምንም አልሆነችም» አለ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ ዝቅ ማለቱ ነው ያስፈራኝ። «ከተሠራችም ቆይታለች። ታዲያ ይሄ ሰውዬ ክረምቱን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ በወንድሜ ቤት ምን ሲሠራ ነበር?»

ጋሽ ሶርሳ እጁ ላይ ሳሙናው እንዳለ ቆመ። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠቅልላ ጠቅልላ ጣቷ ነጣ። እኔ ምን እንዳስፈራቸው አልገባኝም። ጥያቄው እኮ ቀላል ነበር፤ መልሱንም ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ በቤተ ክርስቲያን ምስክርነት የሚሰጡ ሰዎች እንደሚያደርጉት እጄን ፊቴ ላይ አጣምሬ፣ መካከላቸው ገብቼ ቆምኩና መመስከር ጀመርኩ።

ሁሉንም ተናገርኩ። ሜዳውን፣ ቦታ መለዋወጡን፣ ክሩስኮቱ መደብደቡን። ፍሪሲዮን፣ ነዳጅ፣ ባላንስ የሚባሉ የእጅ ፍሬን መድኃኒቶች እንዳሉም አስረዳሁ። ጋሽ ሶርሳ ጥገና ብዙም እንደማይችል፣ ነገር ግን እንደማይሰለች ለጽድቅ ብዬ ተናገርኩለት። ወንድም ደገፉ መሐል ላይ አስቆመኝ።

«መሪው ላይ የምትቀመጠው ማን ናት?»

«እማዬ ናታ።»

«አንቺስ?»

«መሐል።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ» አልኩት። እንዴት ያለ ጥያቄ ነው? «እኔ ከሌለሁ ፍሬኑን ማን ይጠብቃል?»

ወንድም ደገፉ መሐረብ አውጥቶ አፉን ያዘ። ጋሼ ዳልጮ ግን አልሳቀም፤ ወደ እናቴ ዞረ። እናቴ ነጠላዋን ለቀቀችው። የተናገረችውን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«በዚህ ቤት የሚያንቀሳቅሳት ሰው ካለ ትቀራለች ብለውኝ ነበር፣ ጋሼ። ሰውዋ እኔ ነኝ። የጽሑፉን ፈተና አልፌያለሁ፤ የመንዳቱ ከጊፋታ በኋላ ነው። ቀድሜ ብነግርዎ ይከለክሉኛል ብዬ ፈራሁ።»

እከለክል ነበር አለ ጋሼ ዳልጮ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። ከዚያ በአገጩ ዳገቱን አመለከተ፤ እስከ ጸሎት ቤቱ በር ንጂና እንይ አላት። ጋሽ ሶርሳ ወደ መኪናዋ በር ሲራመድ ጋሼ ዳልጮ «እሱ ይቅር» አለ። እናቴ ብቻዋን ገባች። እኔን ማንም ግቢ አላለኝም፤ ማንም ትቅር ስላላለ ግን ዘልዬ ቦታዬን ያዝኩ። ሥራዬ ነዋ።

ከግቢ ስንወጣ መኪናዋ አንዴ እንኳ አልዘለለችም። መንገዱ የሰፈር ኮረኮንች ነው፤ ዝናቡ ቦይ ቦይ አድርጎታል። ዳገቱ መሐል ላይ ስንደርስ የእንጨት ሸክም የተጫኑ አህዮች ከጎን ገቡና መንገዱን ዘጉት። እናቴ ፍሬን ያዘች፣ እጀታውን ሳበች፣ ስፖኪዮውን አየች። እኔም በእሷ በኩል ተንጠራርቼ አየሁ። ጋሼ ዳልጮ በእግሩ ተከትሎን ኖሮ ልክ ከኋላችን ቆሟል፤ አንድ እጁን ቆርቆሮው ላይ አሳርፏል። ወደ ኋላ ትንሽ ብንንሸራተት እሱ ላይ ነን።

እናቴ ዘወር ይበሉልኝ አላለችውም። አህዮቹ ጥግ ያዙ። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ የምትጸልይ መስሎኝ ነበር፣ ግን የጋሽ ሶርሳን ቃላት ነበር የምትለው፤ ቀስ፣ ቀስ፣ ያዢው። መኪናዋ መንቀጥቀጥ ጀመረች። «አሁን» አለች ለራሷ፤ እጀታውን ጠምዝዛ መለሰችው። የጣት ስፋት እንኳ ወደ ኋላ አላልንም። ሄድን።

ጸሎት ቤቱ በር ላይ ደርሰን ዳገቱ ሳያልቅ አቆመች። እጀታውን እስከ መጨረሻው ሳበች፣ ሞተሩን አጠፋች፣ መሪው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። አባቴ ከሞተ ጀምሮ እንዲህ ስታለቅስ አላየኋትም። ለቅሶው ቤት ውስጥ እንኳ ለሰው ውኃ የምታቀርበው፣ ሌላውን የምታጽናናው እሷ ነበረች። አሁን ድምፅ አውጥታ ጦና፣ ጦና እያለች አለቀሰች። ደነገጥኩ። ምን ሆና ነው ብዬ ሳስብ አንድ ነገር ብቻ ታየኝ፤ ወደ ኋላ የምንሄድ መስሏት ነው። ስለዚህ እጀታውን በደንብ አየሁና ልብሷን ጎተትኩ።

«እማዬ፣ ይዟል። አየሁት። አትፍሪ፣ ይዟል።»

ይሄን ስላት ጭራሽ ባሰባት፤ ሳብ አድርጋ ደረቷ ላይ ለጠፈችኝ።

ጋሼ ዳልጮ እያለከለከ ደረሰ። መስኮቱን ይዞ ጎንበስ አለና አያት። ከዚያ ጀርባውን ሰጠን፤ መንገዱ መሐል ላይ ቆመና እጁን ዘርግቶ የሚመጣውን ባጃጅም እግረኛም ሁሉ በወዲያ ጥግ ያሳልፍ ጀመር። ትራፊክ የሆነልን መስሎኝ ኮራሁበት። አሁን ሳስበው የሚከላከለው ሌላ ነገር ነው፤ የወንድሙን ሚስት እንባ መንገደኛ እንዳያየው ነበር። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆመልን አላውቅም፤ እናቴ እስክትጨርስ አልዞረም።

ሲዞር የእሱም ዓይን ቀልቷል። በዚያኛው በር በኩል ገብቶ ተቀመጠ፤ ወንበሩ ጮኸ። እኔ መሐላቸው ነኝ። ሌላ ሰው የማይጠይቀውን መጠየቅ ልማዴ ነውና ቦምቤ እንሄዳለን ወይ አልኩት።

«ለጊፋታ ትመጣላችሁ» አለኝ። «የበዓል ሥጋችሁን በልታችሁ ትመለሳላችሁ።»

ከዚያ ፊቱን በጋቢው ጫፍ ጠረገና፣ ወደ እናቴ ሳያይ ወደ ፊት ወደ መንገዱ እያየ፣ «በይ እንግዲህ፣ ወደ ቤት ውሰጂን» አላት።

ወሰደችን።